የጃርት ድርሻ

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን ከመጀመሪያው ያዙልኝ። ሰፈራችን ውስጥ "እንዲህ ያለ ነገር አየሁ" የሚል ሰው ሲመጣ አዳምጬ፣ አብልቼ፣ ደህና ዋል ብዬ ሸኝቼ፣ ፊቱን ሲያዞር የምስቅ ነበርኩ፣ ጂን መኖሩንስ አልክድም፣ ሃይማኖቴ ይለዋል፣ ግን ጂን ያን ሁሉ ምድረ በዳ ትቶ መስቃን ውስጥ የአንዲት ሴት እንሰት ጓሮ ምን ሊሠራ ይመጣል እል ነበር። አሁንም እላለሁ። የዚያን ዕለት ማምሻ ያየሁትን ግን አይቻለሁ፣ ስሙኝና እናንተው ፍረዱ፣ እኔ ስፈርድበት ዕድሜዬን ጨርሻለሁ።

ጊዜው ጣሊያን ቡታጅራ ላይ ሰፍሮ የነበረበት ነው። እኛ ከከተማው ወጣ ብለን ነበር የምንኖረው። ባሌ ነስሩ በርበሬ ነጋዴ ነው፣ በአንድ ጀፎሮ ዳር፣ ከብቱ በሚውልበት፣ ሠርጉም ለቅሶውም በሚቆምበት በዚያ ሰፊ የሣር መንገድ ዳር ሁለት ቤት ነበረው፣ የግራው የኔ፣ የቀኙ የጣውንቴ የራህመት። የሁለታችንም ጓሮ ከቤቱ ጀርባ ተነስቶ ቁልቁል እስከ ጥሻው ይወርዳል፣ በመካከላችን አንድ ቦይ አለ፣ ከቦዩ ወዲህ ያለው እንሰት የኔ፣ ከቦዩ ወዲያ ያለው የሷ። በእኛ አገር እንሰቱን የሚተክለው ወንድ ነው፣ ከተተከለ በኋላ ግን የሴቷ ነው፣ እሷ ትፍቀዋለች፣ እሷ ጉድጓድ ታስገባዋለች፣ ለማን ምን ያህል ቆጮ እንደሚቆረስ የምትወስነውም እሷ ናት። እንሰት የሌላት ሴት ባል ቢኖራትም ቤት የላትም።

ራህመት የቆሼ ልጅ ናት፣ የበቆሎ አገር ሰው። ነስሩ በርበሬ ሊገዛ ወርዶ በርበሬውንም እሷንም ይዞ ተመለሰ። ሸሪዓው እኩል ያዛቸው ይላል፣ ነስሩም እኩል ይዞናል፣ አንድ ሌሊት እዚህ፣ አንድ ሌሊት እዚያ፣ በዚህ አላማውም። ግን እኔ ቤት ሲመጣ ያንቀላፋል፣ እሷ ቤት ሲያመሽ ሳቁ ቦዩን ተሻግሮ ይሰማኛል፣ እኩል ማለት ይሄ ከሆነ እኩልነቱ ይቅርብኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከቡታጅራ ገበያ ሲመለስ ለሷ ቀይ ሻሽ፣ ለኔ ሳሙና አመጣ። በዚያ ጊዜ ሳሙና ከሻሽ ይበልጥ እንደነበረ አውቃለሁ፣ ጎረቤት ሁሉ ቀንቶብኛል፣ ግን ሳሙና በራስ ላይ ታስሮ አይታይም። እሷ ሻሿን አስራ ጀፎሮውን ስታቋርጥ እኔ ልብስ አጥባለሁ። አንጀቴ እርር ይል ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

አሁን ወደ ጃርቱ ልምጣ። ጃርት እንሰትን ከሥር ነው የሚበላው። አፈር ውስጥ ያለችውን አሚቾዋን፣ ያቺን ነጭ ሥር ነው የሚፈልገው፣ ማታ ስታዩት ቅጠሉ ለምልሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጠዋት ጎኑን ስትነኩት ዘፍ ይላል፣ ለካ ከሥሩ ተበልቶ አልቋል። ድሮ ለዚህ ሥርዓት ነበረን። ሽማግሌዎቻችን ጃርት ይጥፋ ብለው አያውቁም፣ ይብዛም አይሉም። በበጋ፣ ግልገሎቹ አድገው ከወጡ በኋላ፣ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን ወርዶ ጉድጓዶቹን በጭስ ያጥናል፣ ውሾች ያባርራሉ፣ ወንዶቹ በጦር ቶሎ ይገላግሉታል፣ ማሠቃየት ነውር ነው። የምታጠባ ያለችበት ጉድጓድ አይነካም፣ ከጥሻውም አንድ ጉድጓድ ሳይታጠን ይቀራል። ልጅ ሆኜ ያ ለምን ይቀራል ብዬ አባቴን ብጠይቀው፣ የለመደ ጃርት ወሰኑን ያውቃል፣ እሱን ካጠፋነው ቤቱ ባዶ አይቀርም፣ የማያውቀን እንግዳ ይገባበትና ሁሉንም ልቅመስ ይላል አለኝ።

ጣሊያን ሲመጣ ይሄ ሁሉ ቀረ። ጠመንጃውን ሰበሰቡ፣ ቀጥለው ጦሩን ሰበሰቡ። ከጥሻ ጭስ ከወጣ አርበኛ አለ ብለው ይተኩሳሉ፣ ስለዚህ ማጠን የሚባል ነገር ቀረ፣ ወንዶቹንም ለመንገድ ሥራ እየወሰዱ ያከርሟቸዋል። ውሾቹ ደግሞ ጌታቸው ሲሞት፣ ጌታቸው ሲሰደድ፣ ጥሻ ገብተው አውሬ ሆኑ፣ በመንጋ እየወጡ ፍየል ይጥላሉ፣ ወታደሮቹም ሥጋ ላይ መርዝ እየነሰነሱ በየመንገዱ ይጥሉላቸው ነበር። መርዙን የበላ ውሻ ወንዝ ዳር ይሞታል፣ እሱን የበላ ጅብ ይሞታል፣ ከጅቡ የቀመሰ አሞራ ዛፍ ሥር ተዘርግቶ ይገኛል፣ የጎረቤቴም ጥጃ ሞታለች። ጃርት ብቻ ሥጋ አይበላምና ተመቸው፣ የሚያሳድደውም ጠፋ፣ በዛ፣ በዛና በጠራራ ፀሐይ ካልሆነ በቀር ጓሯችንን እንደ ቤቱ ይመላለስበት ጀመር።

የኔ እንሰት በየቀኑ ይወድቅ ነበር። ነስሩ ባገባኝ ጊዜ የተከለልኝ፣ ከልጆቼ ጋር ያደገ፣ ገና ቡላ ይወጣዋል ብዬ የሳሳሁለት ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት ተጋድሞ አገኘዋለሁ። ምን አደርጋለሁ፣ ጃርቱ የተረፈውን አሚቾ ቶሎ ቆፍሬ አወጣዋለሁ፣ የተበላውን ቆርጬ ጥዬ የቀረውን ለልጆቼ እቀቅላለሁ፣ ግንዱን እፍቃለሁ፣ በዚያ ዘመን የሚጣል ነገር የለም። በማግስቱ ሌላ ይወድቃል። እሱንም እንዲሁ። ቦዩን ተሻግሬ ወደ ራህመት ጓሮ ስመለከት ግን ሁሉም ቆሟል። እመኑኝ፣ ያን ሳይ የሚሰማኝን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ባሌ ቢያዳላ ባል ነው፣ ጃርት እንዴት ያዳላል?

ከዚያ ነስሩ ከመንገድ ሥራ ተለቆ መጣ፣ ጓሮዬን ዞሮ አየ፣ ራሱን ነቀነቀና፣ እንግዲህ ያንቺ ካለቀ ምን ይደረጋል፣ ከራህመት ጓሮ እየተፋቀ ትበላላችሁ፣ አንድ ቤት አይደለን እንዴ አለኝ። በቅን ነው የተናገረው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ሌላ ነው ያየሁት። ልጆቼ በሰፌድ ይዘው ቦዩን ሲሻገሩ፣ እሷ ቀይ ሻሿን አስራ ስትቆርስላቸው፣ "እትዬ ሸምሲያስ ደህና ናት?" ስትላቸው ታየኝ። ከጣውንቴ እጅ ከምጎርስ አፈር ልብላ ብዬ ማልኩ፣ ወላሂ ብዬ ነው የማልኩት፣ ይሄን መሐላ አስታውሱልኝ።

ራህመት ምን እንደምታደርግ አይቻለሁ፣ ሰላይ ልትሉኝ ትችላላችሁ፣ በየቀኑ ማምሻ ላይ ወደ ጓሮዋ ጫፍ ትወርዳለች፣ እዚያ ጥሻው አጠገብ አንድ ረድፍ ያረጀ እንሰትና ትንሽ ጎደሬ ትታለች፣ በቢላዋ አንዷን አሚቾ ትከፍታለች፣ የሆነ ነገር ታወራለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ቦዩ ላይ ተገናኘን፣ ሆዷ ገፍቶ ነበር፣ ያም ሌላ ንዴት ነው፣ እና የወደቀውን አሚቾ ተሸክሜ ስታየኝ ቆመች።

"እትዬ፣ የወደቀውን አታንሺበት" አለችኝ። "የጀመረውን ይጨርስ። ስታነሺበት ነው ሌላ የሚጀምረው።"

"በዚህ ዘመን ምግብ ለአውሬ ልተው?"

"ሶደቃ አድርጊው። እኔ ከታች አንድ ረድፍ ሰጥቻቸዋለሁ፣ ድርሻቸውን ያውቃሉ፣ ከዚያ አያልፉም።"

አሚቾዬን ተሸክሜ ጥያት ሄድኩ። ቆሼ የበቆሎ እርሻ መካከል አድጋ እንሰት ልታስተምረኝ! ደግሞም ነገሩ ሶደቃ አልመሰለኝም፣ ድግምት ነው የመሰለኝ፣ ባሌን የነጠቀችኝ በዚሁ ነው፣ ጃርቱንም የምትልክብኝ እሷ ናት ማለት ጀመርኩ፣ በልቤ ነው፣ ከአፌ አላወጣሁትም፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።

ጣሊያኖቹ ሰፈር፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ የሚሠራ የትውልድ መንደሬ ሰው ነበር። አንድ ቅል ቅቤ ይዤለት ሄድኩና ለውሾቹ ከሚጥሉት መርዝ ትንሽ ስጠኝ አልኩት። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ልጆች አጠገብ አታኑሪው አለኝ፣ ለምን እንደፈለግሁት እንኳ አልጠየቀኝም። የኔ ሐሳብ ቀላል ነበር፣ ጃርቶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡት እሷ በተወችላቸው ረድፍ ላይ ነው፣ እዚያው ድርሻቸውን ይበሉና ያልቃሉ፣ የኔ እንሰት ይተርፋል፣ የሷ ድግምትም እዚያው ይቀራል። ራህመት ከዚያ የሚተርፈውን እየሰበሰበች ለላሟ እንደምትሰጥ አውቅ ነበር። ላሟን ታርቅ ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ ቀን፣ ከዙሁር በኋላ፣ ራህመትን ምጥ ያዛት። እማማ ዘይነባ፣ የሰፈራችን አዋላጅ፣ በደጄ ስታልፍ ነይ እንጂ ሸምሲያ አለችኝ፣ ራሴን ያመኛል አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ገቡ፣ ነስሩ ከደጅ ሲንጎራደድ ይታየኛል፣ እኔ ስወልድ እንዲህ ተንጎራዶ አያውቅም፣ የበርበሬ ገበያ ነበር የሚሄደው። እኔም አሚቾ ቀቀልኩ፣ ሰነጠቅሁት፣ መርዙን ነሰነስኩበት፣ በኮባ ጠቅልዬ በቃጫ አሰርኩት። ቋጠሮዬን እናቴ ናት ያስተማረችኝ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባ ነው፣ የኔን ቋጠሮ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ዛሬ ራህመት አትወርድም፣ ከዛሬ የተሻለ ቀን የለም ብዬ ፀሐይ ልትገባ ስትል በራሴ ጓሮ ቁልቁል ወረድኩ።

እንሰት ውስጥ ከውጭው ቀድሞ ይመሻል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው። ከላይ ቤቶቹ አካባቢ ገና ብርሃን ነበር፣ እኔ ባለሁበት ግን አረንጓዴ ጨለማ ሆኗል። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጸጥታውን ነው፣ በዚያ ሰዓት የሚንጫጫው ወፍ ሁሉ ዝም ብሏል። ቀጥሎ የመግሪብ አዛን ከሩቅ ሰማሁ፣ እሱም ሲያበቃ፣ ከታች፣ ከጥሻው በኩል፣ ሽክሽክ የሚል ነገር ሰማሁ፣ የደረቀ ባቄላ በቅል ውስጥ ሲነቀነቅ ዓይነት። ጃርት ሲንቀሳቀስ እሾሁ እንደዚያ ነው የሚለው፣ አዲስ አይደለም፣ ግን አንድ ሁለት አይደለም፣ ከዚያ ከዚህ ነው የሚሰማው። ከሽክሽክታው መካከል ደግሞ ሌላ ድምፅ አለ። ቢላ አሚቾ ላይ ሲያርፍ፣ ጭፍ፣ ከዚያ ጸጥ፣ ከዚያ ጭፍ።

ቦዩን ተሻግሬ ሁለት ግንድ መካከል ቆምኩና አየሁ። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ እንሰት ስንፍቅ እንደምንቀመጠው እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለኔ ሰጥታ። ራሷ ላይ ቀይ ሻሽ አስራለች። አሚቾ ጭኗ ላይ አድርጋ ትቆርጣለች፣ ቆርጣ በግራ ታኖራለች፣ ቆርጣ በቀኝ ታኖራለች፣ "ይሄ ያንተ፣ ይሄ ያንቺ፣ አንቺ ትላንት ወስደሻል" ትላለች፣ ጃርቶቹም ዙሪያዋን ተቀምጠዋል። ትልልቁም ግልገሉም። እሾሃቸው ተኝቶ፣ ተራቸውን እየጠበቁ። ወላሂ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም። ቅናት ነው። በምጥ ተይዛ እንኳ ለነዚህ ጊዜ አላት፣ እኔ የወለድኳቸው ልጆች አንድ ቀን እንዲህ አዳምጠውኝ አያውቁም ብዬ አሰብኩ፣ ይሄን ነው ያሰብኩት፣ እዚያ ቆሜ።

ከዚያ ነው ምጧ ትዝ ያለኝ። ከላይ፣ ከቤቱ፣ የራህመት ጩኸት ተሰማ። ከታች የተቀመጠችው ሴት መቁረጧን አላቋረጠችም።

"ዘገየሽ፣ እትዬ ሸምሲያ" አለችኝ፣ ሳትዞር። ድምፁ የራህመት ነው፣ ያ ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምጿ። "ያመጣሽውን እዚያ አስቀምጪው። ከእነሱ ድርሻ ጋር አይቀላቀል። ድርሻሽን እኔ አደርስልሻለሁ።"

ጃርቶቹ ሁሉ ወደኔ ዞሩ፣ አንዱም አልተነሳም፣ አንዱም እሾሁን አላቆመም። እኔ ጥቅሉን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፣ እጄ ነው ያስቀመጠው፣ እኔ አላዘዝኩትም። እሷም ወደ ኋላ እጇን ዘርግታ ሳታይ አነሳችው። እጇን አየሁት። እስከ ክርኗ ድረስ አፈር ነው፣ ጥፍሯ ውስጥ ሁሉ ገብቷል፣ ሲቆፍር የዋለ ሰው እጅ። ከዚያ በኋላ የማውቀው መሮጤን ነው፣ ቅጠሉ ፊቴን እየመታኝ፣ ሽክሽክታው ከኋላዬ ይምጣ አይምጣ ሳልለይ፣ መንገዱ ወደ ራህመት ቤት ነው የሚያወጣው፣ የራህመት ቤት ገባሁ።

ራህመት ምሰሶው ሥር ተንበርክካ ነበር። ቀዩ ሻሽ ምሰሶው ላይ ታስሮ፣ እሱን በሁለት እጇ እየጎተተች ታምጣለች፣ ላቡ ከፊቷ ይወርዳል። እጇን አየሁት፣ ንጹሕ ነው። እማማ ዘይነባ ቀና ብላ፣ አሁን ነው የምትመጪው፣ በይ ጀርባዋን ደግፊልኝ አለችኝ። ከቤት ወጥታለች ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ምጥ ላይ ያለች ሴት የት ትሄዳለች፣ ሻሿንም ከዙሁር ጀምሮ እዚያ ያሰርኩት እኔ ነኝ አለችና ተቆጣችኝ። እኔም የጣውንቴን ጀርባ ደገፍኩ፣ ምን ላድርግ፣ እኔም በሷ ተደገፍኩ። ብዙም አልቆየ፣ ሴት ልጅ ተወለደች። ነስሩ ከደጅ አላሁ አክበር ሲል ተሰማ።

ከዚያ ደግሞ የቡላ ገንፎ ተገነፋ፣ የአራስ ቤት ነው፣ ሴቶቹ ከበው ሲበሉ አንዷ በማንኪያ ዘግና አፌ ላይ አደረሰችልኝ፣ ዋጥኩት። ትኩስ ነው፣ ቅቤው ይጣፍጣል። ሁለተኛውንም ዋጥኩ። እማማ ዘይነባ፣ ብዪ እንጂ፣ ድርሻሽ ነው ስትለኝ ነው የነቃሁት። ቡላው ከራህመት ጉድጓድ የወጣ ነው። መሐላዬ እዚያው አፌ ውስጥ ተሰበረ፣ ልተፋው አልቻልኩም፣ ሁሉም ያየኛል። ድርሻሽን እኔ አደርስልሻለሁ ያለችው ያቺ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበረች።

ሴቶቹ ሲረግቡ ራህመት እጄን ያዘችኝ።

"እትዬ፣ ዛሬ ስላልወረድኩ ጃርቶቹ ሲረብሹ ይሰማኛል ብዬ ነበር፣ ዝም አሉ" አለች፣ በቀስታ። "አንቺ ነሽ ያደልሽላቸው?"

"አዎ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፣ ሌላ ያደለላቸው አለ ብዬ መናገሩን ፈርቼ ብቻ አይደለም፣ እሷ የምትችለውን እኔም እችላለሁ ብዬ ነው። አላህ ይስጥልኝ ብላ እጄን ሳመችው።

ጠዋት ደጄን ስከፍት ጥቅሉ መድረኩ ላይ ነበር። የኔው ኮባ፣ የኔው ቃጫ። ቋጠሮው ግን የኔ አይደለም፣ የማንም ሴት ቋጠሮ አይደለም፣ ጫፉ ከየት ገብቶ በየት እንደወጣ አይታይም፣ በመካከሉ አንዲት የጃርት እሾህ ተሰክታለች። ልጆቹ ሳይነሱ ወደ ጓሮ ወስጄ በቢላ ቀደድኩት። አሚቾው አለ፣ መርዙም ላዩ ላይ እንዳለ ነው፣ አንድ ጠርዙ ግን የለም። ጥርስ አይደለም የወሰደው፣ ጃርትም አይደለም፣ በቢላ ነው የተቆረጠው፣ ጥርት ብሎ፣ አንድ ጉርሻ የሚሆን። የቀረውን በጥልቅ ቀብሬ ድንጋይ ጫንኩበትና ወደ ታች ወረድኩ። የሞተ ጃርት የለም። የሞተ ወፍ የለም። የጃርት ዱካ መሬቱን ሞልቶታል፣ በመካከሉ ደግሞ ሰው እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠበት ቦታ ሣሩ ተኝቷል።

ከዚያ ወዲህ የወደቀውን አላነሳሁም። ከታች አንድ ረድፍ ተውኩላቸው፣ የጀመሩትን ይጨርሳሉ፣ ሌላውን አይነኩም፣ እንሰቴም ተረፈ። ነስሩ ይሄ ምን ይገርማል፣ ራህመት ነግራሽ ነበር እኮ አለ፣ ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው። ጣሊያን ከሄደ በኋላ ጦሩም ወደ ወንዶቹ እጅ ተመለሰ፣ ውሾቹም ከነቡችላቸው እየተለመዱ ወደ ሰው ገቡ፣ በበጋ ማጠኑም እንደ ድሮው ቀጠለ፣ አንድ ጉድጓድ እየተረፈ። የኔ ነገር ግን ያቺ የተቆረጠች ጉርሻ ናት። የት ገባች? ለማን ተቆረሰች? የበላችውን አንድ ቀን መሬት ላይ ተዘርግታ፣ ወይም ተዘርግቶ፣ አገኛለሁ ብዬ ኖርኩ። ሕፃኗ ስታስመልስ ተነስቼ ቦዩን እሻገር ነበር፣ ነስሩ ሆዴን ሲል ምን እንደበላ እመረምረው ነበር። ራህመት ደግ ሆና የምትልክልኝን ሁሉ ገልብጬ፣ አሽትቼ ነው የምበላው፣ እሷ የኔን አንድም ቀን አሽትታ አታውቅም።

አሁን ነስሩ ሞቷል፣ በእርጅና ነው። እማማ ዘይነባም እንዲሁ፣ ራህመትም ዓምና፣ ተኝታ ሳለች፣ ፊቷ ላይ ያው ሳቋ ነበር። ማናቸውም በዚያች ጉርሻ አልሞቱም፣ ይሄን አረጋግጫለሁ። በዚያ ማምሻ ያን ገንፎ ከበላነው ሴቶች የቀረሁት እኔ ነኝ።

ያኔ የተወለደችው ከሪማ ናት የምትጦረኝ፣ ወገቤ እንሰት መፋቅ አይችልም፣ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ዘወትር ጁምዓ ከእናቷ ጓሮ ቆጮ ጋግራ ታመጣልኛለች፣ እሷም ቀይ ሻሽ ታስራለች፣ ከየት እንዳገኘችው አልጠየቅሁም። እኔም ሳልበላ በፊት አንድ ጠርዝ ቆርጬ ወደ ጓሮው ጫፍ እወረውራለሁ፣ ድርሻቸው ነው፣ ራህመት ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችው ነው። ባለፈው ጁምዓም ወረወርኩ። ዛሬ ጠዋት ደጄን ስከፍት ያንኑ የወረወርኩትን ጠርዝ መድረኩ ላይ አገኘሁት፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ልክ እንደ ያኔው መርዝ በዚያ በማይፈታው ቋጠሮ ታስሮ።

የራህመትን ደጅ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰልል ነው የኖርኩት፣ ለሷ የሰጠቻቸውን አንድም ቀን መልሰውላት አያውቁም።